ጫካ ለሚያድር ሰው ልብስና መሣሪያ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ጫካ ልብስና መሣሪያ ከጠየቃችሁኝ ውስጥ ደጋግመው የመጡትን ሰብስቤ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ያለኝ ብር ውስን ነው። በቅድሚያ ጥሩ ቢላ ልግዛ ወይስ ጥሩ ጃኬት?

ከሁለቱም በፊት ጫማና ካልሲ ግዛ። ቀጥሎ ገላህን የሚነካው ልብስ ይምጣ። በዶልዷማ ቢላ ማደር ይቻላል፤ በረጠበ እግር ግን ሌሊቱ አይነጋም። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል በፍጥነት ይወስዳል። ስለዚህ ልብሱ ከረጠበና ነፋስ ከተጨመረበት፣ ብርዱ ዜሮ ዲግሪ ሳይደርስም ሰው ክፉኛ ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ጂንስና የጥጥ ቲሸርት ምን ችግር አለው? ይመቸኛል እኮ።

ቀኑ ደረቅና ሞቃት ከሆነ ምንም። ብርድና ዝናብ ካለ ግን ጥጥ ውሃ መጥጦ ይቀመጣል፣ ለመድረቅም ዳተኛ ነው። ሱፍ የክብደቱን 30 በመቶ ያህል እርጥበት ይዞ እንኳ ያሞቃል፣ ቶሎም አይሸትም። ፖሊስተር ቶሎ ይደርቃል፤ እሳት ዳር ግን አልወደውም። ፍንጣሪ ሲያርፍበት ቀልጦ ይበሳል፣ ሲብስም ገላ ላይ ይጣበቃል። እሳት የምታዘወትር ከሆነ ላዩን ሱፍ ወይም ወፍራም የጥጥ ሸራ ልበስ።

ጥያቄ፦ የዝናብ ጃኬቴ ውሃ ማስገባት ጀመረ። ልጣለው?

ቆይ እህቴ፣ አትቸኩይ። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደክመው የውስጡ ሽፋን ሳይሆን ላዩ ላይ ያለው ውሃ የሚያንከባልል ቅብ ነው። ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጊበት። ጠብታው ክብ ሆኖ ከተንከባለለ ቅቡ ደህና ነው። ተዘርግቶ ጨርቁን ካጠቆረው ደክሟል። ያኔ ላብሽ መውጫ ያጣል፤ "አስገባ" የምትይው ውሃ የራስሽ ላብ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ዓይነት ልብስ በተሠራ ሳሙና እጠቢው፣ ማለስለሻ አትጨምሪ፣ ደጋግመሽ አለቅልቂው። የልብሱ ምልክት ከፈቀደ በማድረቂያ ማሽን በዝቅተኛ ሙቀት አድርቂው፤ ሙቀቱ ቅቡን ያነቃዋል። እምቢ ካለ አዲስ ቅብ ይረጭበታል።

ጥያቄ፦ ለቢላ ካርበን ስቲል ይሻላል ወይስ ስቴንለስ (ዝገት የሚቋቋመው ብረት)?

ካርበን ለመሳል ይቀላል፣ ግን ይዝጋል። ለጀማሪ ስቴንለስ እመርጣለሁ። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ መዝለቁ ነው። የስለቱ ርዝመት 10 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይበቃል። እንጨት ለመቅረጽ ረጅምና ወፍራም ቢላ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

ጥያቄ፦ ቢላዬን ስሞርደው እውላለሁ፣ ግን አይሰላም።

ምናልባት ድንጋዩ ስለቱን አልነካው ይሆናል። ስለቱን በማርከር ቀባውና በ20 ዲግሪ ገደማ አዘንብለህ ሁለት ሦስቴ ሳለው። ከዚያ ተመልከት። ቀለሙ የስለቱ ጫፍ ላይ ከቀረ የቢላውን ጀርባ ትንሽ ከፍ አድርግ። ከጫፉ ብቻ ከለቀቀ ዝቅ አድርግ። አንዱን ጎን ስትስል በሌላው በኩል ሻካራ የብረት ጠርዝ እስኪወጣ አታቁም። ጣትህን ከጀርባው ወደ ስለቱ፣ ወደ ውጭ ስትጎትት ይሰማሃል። ብዙ ሰው ይሄ ጠርዝ ሳይወጣ ነው የሚተወው። ከዚያ ገልብጠህ ሌላውን ጎን ሳል፣ በ1000 ቁጥር ድንጋይ፣ ቀጥሎ ይበልጥ በላመው በ3000 ቁጥር አለስልሰው። መጨረሻ ላይ ቆዳ ላይ ወደ ኋላ እየሳብክ ጠርዙን አጥፋው።

ጥያቄ፦ የመጥረቢያዬ ራስ ዛቢያው ላይ ይወዛወዛል። ውሃ ውስጥ ልንከረው?

ተው ወንድሜ። እንጨቱ ለጊዜው ያብጣል፣ ሲደርቅ ብሶበት ይላላል። አዲስ ሽብልቅ ምታበት፤ እስከዚያ ድረስ አትፍለጥበት፣ የመጥረቢያው ራስ ተወርውሮ ሰው ይገድላል። ዛቢያውን የተልባ ዘይት ቀባው። አደራ፣ የቀባህበትን ጨርቅ ጨምድደህ አትጣል፤ ዘይቱ ሲደርቅ ይሞቅና ጨርቁ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግተህ አድርቀው።

ጥያቄ፦ የቆዳ ጫማ እሳት ዳር ይደርቃል?

አይሆንም። ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ሙጫው ይለቃል። ጋዜጣ ጎስጉሱበት፣ ሲረጥብ ቀይሩት፣ ነፋሻ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት።

ጥያቄ፦ ቢላውን አፎቱ ውስጥ አድርጌ ባስቀምጠውስ?

ለጉዞ አዎ፣ ቤት ግን አይሆንም። የቆዳ አፎት እርጥበት ይይዛል፣ ብረቱም ይዝጋል። ጠርገህ፣ ስስ ዘይት ቀብተህ ለብቻው አስቀምጠው። ምግብ የምትቆርጥበት ከሆነ የምግብ ዘይት ይበቃል።