ለድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈሯ እህታችን፦ የዶሮ በሽታው ፈንግል ጎረቤት ሲደርስ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። 200 የሚጥሉ የቦቫንስ ዝርያ ዶሮዎች አሉሽ። ከበዓሉ ወዲህ የጎረቤትሽ የሐበሻ ዶሮዎች አረንጓዴ እያስቀመጣቸው፣ አንገታቸው እየተጠማዘዘ እያለቁ ነው። አንዱ ኦክሲ (ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን የባክቴሪያ መድኃኒት) ስጪያቸው አለሽ፣ ሌላው ሳይሞቱብሽ ሽጪያቸው። አንቺ የጠየቅሽው ግን ወደ ግቢሽ እንዳይገባ ምን እንደምታደርጊ ነው፤ ትክክለኛው ጥያቄም እሱ ነው። እኔም እዚሁ ድሬ ጣይ ዶሮ ስለማረባ የማውቀውን ልንገርሽ።

የጻፍሽው ምልክት ፈንግል ይመስላል። ግን የወፍ ጉንፋንም ሊመስል ስለሚችል ጎረቤትሽ ለእንስሳት ሐኪም ዛሬውኑ ይንገሩ። ፈንግል ቫይረስ ነው። ኦክሲ ቫይረስ አይገድልም፤ ገንዘብሽን ትጨርሺያለሽ፣ እንቁላሉም መድኃኒት ያለበት ሆኖ ለሰው ይደርሳል። ፈንግል አንዴ ከገባ መድኃኒት የለውም። ያለሽ መከላከያ ክትባትና የተዘጋ በር ነው።

ስለ በሩ ልጀምር፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ክትባት ክትባት ሲል ይረሳዋል። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በነፋስ አይደለም፣ በእኛው ነው። በጫማ፣ በእጅ፣ በእንቁላል ትሪ፣ በመኖ ጆንያ። እንቁላል የሚረከብሽ ነጋዴ ጠዋት ስንት ግቢ ዞሮ እንደመጣ አታውቂም። ስለዚህ ከውጭ በር አይለፍ። እንቁላሉን አንቺ አውጪለት። ትሪው ፕላስቲክ ከሆነ ታጥቦና በበረኪና ተነክሮ ይግባ፣ የካርቶን ከሆነ ግን አንዴ ከወጣ አይመለስ፤ ካርቶን አይታጠብም። ኩስ ሊገዙ የሚመጡትም እንደዚሁ፣ የራሳቸውን ጆንያ ይዘው ቤቱ ውስጥ አይግቡ። ክትባት የሚሰጠውንም ባለሙያ ቢሆን አትፈሪው፣ እሱም ከታመመ ቤት ወደ ታመመ ቤት የሚሄድ ሰው ነው፣ ጫማ ቀይርልኝ በይው። ጥሩ ባለሙያ አይቀየምም።

ለዶሮ ቤቱ ብቻ የሚሆን ሸበጥ ወይም ቦቲ በር ላይ አስቀምጪ። ከውጭ የመጣሽበትን እዚያ ታወልቂያለሽ፣ የውስጡን ታደርጊያለሽ። ይሄ በር ላይ ከሚቀመጠው የበረኪና ገንዳ ይበልጣል። ገንዳው መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ግን ኩስ የተለጠፈበትን ጫማ ነክሮ ማውጣት ምንም አይፈይድም፣ ቆሻሻው በረኪናውን ያደክመዋል። መጀመሪያ በብሩሽ ይታጠብ። ደግሞ የድሬ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ በረኪና ቶሎ ኃይሉን ያጣል፣ ስለዚህ ጥላ ውስጥ ይሁን፣ በየቀኑም ይቀየር።

ሠራተኛ ካለሽ አንድ ነገር ጠይቂው፦ ቤቱ ዶሮ አለው ወይ? ካለው ችግር ነው። ማታ የራሱን ዶሮ ነክቶ ጠዋት ያንቺን ይመግባል። አስረጂው፣ ከቻልሽ ዶሮ አላረባም እንዲል በደመወዙ ላይ ጨምሪለት።

አሁን ደግሞ ቀፊራ ገበያ። በበዓል ሰሞን ከየአቅጣጫው የመጣ ዶሮ አንድ ላይ ይታጎራል። ሳይሸጥ የቀረውን ብዙ ሰው ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ፈንግል ከበዓል በኋላ የሚብሰው በዚህ ነው። ለገበያ የወጣ ዶሮ ወደ መንጋው አይመለስ፣ አበቃ። አዲስ ዶሮ የግድ ካስፈለገሽ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ሌላ ቦታ ለብቻው ይቆይ፣ አንቺም መጀመሪያ ጤነኞቹን መግበሽ እሱ ጋ መጨረሻ ሂጂ። እውነቱን ለመናገር ግን በዚህ ሰሞን ምንም አትግዢ።

ወደ ክትባቱ ልምጣ፤ እዚህ ከተማ ብዙ ክትባት የሚበላሸው ብልቃጡ ሳይከፈት ነው። ላሶታ የሚባለው የፈንግል ክትባት ሕይወት ያለው ነው፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። በፌስታል አንጠልጥሎ በባጃጅ መምጣት ማለት መግደል ማለት ነው። በረዶ ያለበት ዕቃ ይዘሽ ሂጂ። ውሃው ላይ ደግሞ የባሰ ስህተት አለ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለው ክትባቱን ይገድለዋል። የጉድጓድ ንጹሕ ውሃ ከሌለሽ የቧንቧውን ከዋዜማው ቀድተሽ ክዳኑን ከፍተሽ አሳድሪው፣ ከዚያ ቅባት የወጣለት የዱቄት ወተት ለአንድ ሊትር 2.5 ግራም ያህል በጥብጪበት፣ ግማሽ ሰዓት ቆይተሽ ክትባቱን ጨምሪ። ማጠጫዎቹን በሳሙናና በበረኪና ሳይሆን በንጹሕ ውሃ ብቻ እጠቢ። እንዲጠጡት መጠማት አለባቸው፣ ግን በእኛ ሙቀት በቀትር ውሃ መከልከል ራሱ ይገድላል። ስለዚህ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ማጠጫውን አንሺ፣ 12 ሰዓት ላይ ስጪያቸው። ሁሉም በአንዴ የሚደርሳቸው በቂ ማጠጫ ይኑር፣ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥም ተጠጥቶ ማለቅ አለበት። ዶሮዎቹ መቼ እንደተከተቡ ካርዱን ለሐኪሙ አሳዪውና ድጋሚ ያስፈልግ እንደሆነ ይንገርሽ። ክትባት ለመሥራት ቀናት እንደሚፈልግም አትርሺ። ቫይረሱ አስቀድሞ የገባበትን ዶሮ አያድነውም፣ ለዚህ ነው በሩን ያስቀደምኩት።

ስለ ሽያጩ ግን ቆጣ ብዬ ነው የምነግርሽ አቦ። መታመም ሲጀምሩ ቶሎ መሸጥ በሽታውን ወደ ሌላ እናት ግቢ መላክ ነው፣ የጎረቤትሽም ዶሮ ምናልባት እንዲሁ ከተሸጠ ዶሮ ነው ያገኘው። የሞተውንም ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ መጣል ይቅር። ውሻና ቁራ ጎትቶ ሰፈር ያዳርሰዋል። ሐረር ያላችሁም ጅብ ይበላዋል ብላችሁ አትተዉት። ጠለቅ ያለ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ኖራ ነስንሶ መቅበር ነው። የነካም ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ ቫይረሱ የሰው ዓይንም ያቀላል።

መስኮቶችሽ ወፍ የማያስገባ ወንፊት ሽቦ አላቸው? የጎረቤት ዶሮስ ግቢሽ ገብቶ ይጭራል? ፎቶ አንስተሽ ላኪልን። ሐኪሙ ምን እንዳለሽም እዚሁ ጻፊ፣ ሳቢያን አካባቢ የምታረቡ ሌሎችም ማወቅ አለባችሁ።