ጊታሬ ለምን ከትራኩ ኋላ ይቀራል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ ኤሌክትሪክ ጊታር ከጀመርኩ አራት አመት ሊሞላኝ ነው። ማታ ከስራ ስገባ የድሮ ዘፈን በቮካል ሪሙቨር ድምፃዊውን አወጣና በቀረው ላይ ሊዱን እየተጫወትኩ ላፕቶፕ ላይ እቀዳለሁ። ጎረቤት እንዳልረብሽ በአምፕ አልጫወትም፣ ጊታሩን ሳውንድ ካርድ ላይ ሰክቼ በሄድፎን ነው። ስጫወት ልክ ነኝ፣ መልሼ ስሰማው ግን ጊታሩ ወደኋላ ይጎተታል፣ ከሙዚቃውም ጋር አይዋሀድም፣ ላዩ ላይ የተለጠፈ ነው የሚመስለው። ዝዝዝ የሚል ድምፅም አለው። ጓደኞቼ ሳውንድ ካርዱን ቀይረው ይሉኛል። ልግዛ ወይስ ችግሩ አጨዋወቴ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ አትግዛ፣ ቢያንስ ከታች የምነግርህን ሳትሞክር አትግዛ። አጨዋወትህንም ገና አትውቀሰው። ስትጫወት ልክ ሆነህ ስትሰማው ከዘገየ ጣትህ ሳይሆን በጣትህና በጆሮህ መሀል ያለው ኮምፒውተር ነው የሚጠረጠረው።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ኮምፒውተር ድምፅን እንደ ውሃ አያፈስም፣ ጠርቀም ጠርቀም እያደረገ ነው የሚያቀብለው፣ ያቺ የምትጠራቀመው ባፈር ትባላለች። በሰከንድ 44,100 ሳምፕል፣ ማለትም የድምፅ ናሙና፣ እየቀዳህ ባፈርህ 1024 ከሆነ ትራኩ ጆሮህ ጋ ለመድረስ 23 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፣ ጊታርህ ተመልሶ ሲገባ ደግሞ ሌላ 23። ባፈሩን 128 ስታደርገው አንዱ መንገድ ወደ 3 ይወርዳል። ድምፅ አንድ ሜትር ለመሄድ ወደ 3 ሚሊሰከንድ ስለሚወስድበት 10 ሚሊሰከንድ ማለት ከአምፕህ ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ርቀህ እንደቆምክ ነው፣ መድረክ ላይ ማንም አይሰማውም። 50 ሲሆን ግን ሌላ ነው። ችክችካ በደቂቃ 120 ምት ሲሄድ እያንዳንዱ ምት ለሦስት ይከፈላል፣ አንዷ ክፋይ 167 ሚሊሰከንድ ናት፣ ከሷ ላይ 50 ከሄደ አንድ ሦስተኛዋ ሊሄድ ነው ማለት ነው፣ ምቱ የሚያነክሰው ለዛ ነው።

ያንተን ደግሞ የሚያብሰው ነገር አለ። ቮካል ሪሙቨሩ ያወጣው ዘፋኙን ብቻ ነው፣ የመጀመሪያው ጊታሪስት እዛው ትራኩ ውስጥ ቁጭ ብሏል። እሱ በሰዓቱ ይመታል፣ ያንተ ትንሽ ቆይቶ ይደርሳል፣ አንድ ኖታ ሁለቴ የተመታ መስሎ ይሰማል። "ላዩ ላይ የተለጠፈ" ያልከውም ግማሹ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። አሁን ጊታርን ለብቻው የሚለዩ መተግበሪያዎች ስላሉ በነሱ ሞክር፣ ካልሆነም እሱ ዝም በሚልበት ቦታ ግባ። የ1970ዎቹን የሮሃ ባንድ ካሴቶች ስማ፣ የሰላም ስዩም ጊታር ዘፋኙን ሳይሻማ እንዴት እየገባ እንደሚወጣ አድምጥ፣ እኔ ከዛ የተማርኩትን ከየትም አልተማርኩም።

አሁን ያንተ ስንት እንደሚዘገይ እንለካ። ጊታርህን ሰክተህ ቮሊውሙን ሙሉ ክፈት፣ ፕሮግራሙ ላይ ጊታሩን መልሶ እንዳያሰማህ ሞኒተሩን ዝጋ። ባዶ ፕሮጀክት ላይ ጠቅ ጠቅ የሚል የሜትሮኖም ፋይል አስገባ። ከዛ የሄድፎንህን አንዱን ጆሮ ክሮቹ ላይ ፒክአፑ (ከክሮቹ ስር ያለው ድምፅ ተቀባይ) ትይዩ አስጠግተህ ያዝና ቅዳ። ሄድፎን ውስጥም ፒክአፕ ውስጥም ማግኔትና የሽቦ ጥቅል ስላለ ጠቅታው ክር ሳይነካ ጊታሩ ውስጥ ይገባል፣ መጀመሪያ ያየሁት ቀን በጣም ነው የገረመኝ። ሲያልቅ ስክሪኑን አጉላውና ላይኛው ጠቅታ ከታችኛው ጋር ቀጥ ብሎ እንደሆነ እይ። ታችኛው በ30 ሚሊሰከንድ ወደ ቀኝ ከሸሸ የምትቀዳው ሁሉ በዛችው ልክ እየዘገየ ነው፣ ባፈሩን እስካልቀየርክ ድረስም ያው ነው። የቀዳኸውን ጊታር 30 ወደ ግራ ግፋው፣ በቃ። እንደ ሪፐር ያሉ የመቅጃ ፕሮግራሞች ሴቲንግ ውስጥ ቁጥሯን አንዴ ካስገባህላቸው ራሳቸው ይገፉልሃል።

ዊንዶውስ ከሆንክ ድራይቨሩ አሲዮ (ድምፅን ሳያዘገይ የሚያቀብል) መሆኑን እይ፣ ሳውንድ ካርዱ የራሱ ከሌለው አሲዮ ፎር ኦል የሚባለውን በነፃ አውርድ። ብሉቱዝ ሄድፎን ለዚህ ስራ ጭራሽ አይሆንም፣ ባለገመድ ተጠቀም።

ሌላው ቅኝት ነው፣ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው። ከካሴት የተገለበጠ ዘፈን ቴፑ ትንሽ ፈጠን ወይ ቀስ ብሎ ከዞረ ቲዩነር ከሚቃኝበት ከ440 ኸርዝ ይወጣል፣ ቲዩነርህ አረንጓዴ እያበራም ትዝታው ይጎረብጥሃል። ቤዙ ረዘም አድርጎ የሚይዛትን ኖታ ፈልግና በሷ ቃኝ። ዘፈኑ በ20 ሴንት (ሴንት የአንድ ፍሬት ልዩነት መቶኛ ናት) ዝቅ ካለ ቲዩነሩን ከ440 ወደ 435 አውርደው፣ ትራኩን ከምትጎትት ጊታሩን መቃኘት ይሻላል፣ የትራኩ ድምፅ አይበላሽም።

ለመዋሀዱ፣ ትራኩ ድሮ ተሚክሶ ያለቀ ስለሆነ ጮክ ያለ ነው፣ ጊታሩን ከመጨመርህ በፊት እሱን ከ8 እስከ 10 ዴሲቤል ቀንሰው። ጊታርህን ስትቀዳ ከፍተኛው ድምፅ ማይነስ 12 ዴሲቤል አካባቢ ይሁን። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጥለት፣ ወፍራሟ ክር ራሷ 82 ላይ ስለሆነች ከዛ በታች ያለው ጉርምርምታ ነው። ዲስቶርሽን (ጊታሩን የሚያሻክረውን ኢፌክት) ቀንስ፣ ብቻውን ሲሰማ የሚያምረው መጠን ባንድ ውስጥ ሲገባ ጭቃ ይሆናል። ከዛ ትንሽ ሪቨርብ (የክፍል ማስተጋባት) ጨምር፣ ትራኩ የተቀዳበት ክፍል ውስጥ አብሮ የቆመ እንዲመስል።

ዝዝዝታው፣ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀልና በባትሪ ቅዳ። ከጠፋ ከቻርጀሩ ነው፣ አርዝ የሌለው ሶኬት ባለበት ቤት የተለመደ ነው። ካልጠፋ ፒክአፕህ ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ የሽቦ ጥቅል) ይሆናል፣ የመብራቱን 50 ኸርዝ ይስባል፣ ከላፕቶፑ ራቅ በልና ወንበርህን ቀስ እያልክ አዙር፣ የሚቀንስበት አቅጣጫ አለ። ድምፅ አጠፋለሁ ብለህ ግን የሶኬት አርዝ እንዳትቆርጥ፣ ክሩን የምትይዘው በእጅህ ነው፣ ሰው ይገድላል።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ከአራት ኪሎ ነኝ። የጊታር ካቨሬን ዩቲዩብ ላይ ስጭነው የባለቤትነት ክሌም መጣብኝ፣ ቻናሌ ሊዘጋ ነው ወይ? ዘፈኑ እኮ የድሮ ነው።

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ክሌምና ስትራይክ የተለያዩ ናቸው። ክሌም አብዛኛውን ጊዜ ከማስታወቂያ የሚገኘው ገቢ ለባለመብቱ ይሂድ ማለት ነው፣ ስትራይክ ግን ባለመብቱ ቪዲዮው ይነሳ ሲል የሚመጣ ቅጣት ነው፣ ቻናል የሚያዘጋው የሱ መደጋገም ነው። የድሮ ነው ያልሽው ግን አያስኬድም፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በህይወት እያለ እና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል፣ ለወራሾቹ ማለት ነው። የትራኩ ቅጂ ደግሞ የአሳታሚው ሌላ መብት አለበት፣ ስለዚህ ድራሙንና ቤዙን ራስሽ ሰርተሽ ብትጫወቺ ቢያንስ ቅጂውን የሚመለከተው ክሌም ይቀርልሻል። የግጥምና የዜማ ደራሲውን ስም ከቪዲዮው ስር ፃፊ፣ ክሌሙን አያስቀርም፣ ግን ብዙ የድሮ ዘፈን በዘፋኙ ስም ብቻ ነው የሚታወቀው፣ ዜማውን የሰራው ሰው ልጆች አንድ ቀን ያገኙታል።