ጅብ፣ እንጀራና ብስባሽ፦ የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

የሻገተ እንጀራ ብስባሽ (ቅጠልና ልጣጭ በስብሶ የሚሆን ማዳበሪያ፣ ኮምፖስት) ውስጥ ይገባል ወይ ላሉኝ እናት፦ ይገባል። ቆራርሰው ከቅጠሉ ሥር ይቅበሩት።

ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የጻፈልኝ ወንድም ተበሳጭቷል። ጎረቤቶቹ ከብሎኩ ጀርባ የጋራ ጉድጓድ ቆፍረን ቅጠሉንና ልጣጩን እናብስብስ ቢሉት «ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ መጥተው ይወስዱልን የለ?» ብሏቸው ተጣልተዋል። እንድፈርድለት ነው የሚፈልገው። አልፈርድልህም ወንድሜ። «ይወስዱልን የለ» የምንለው ቆሻሻ ስንት ዓመት ቆሼ በሚባለው የአዲስ አበባ ቆሻሻ መጣያ ሲከመር ኖሮ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ገደለ። ከቤታችን የሚወጣው አብዛኛው ደግሞ የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ ነው። አየር እያገኘ ቢበሰብስ አፈር ይሆናል፤ ክምር ሥር ታፍኖ ሲቀር ግን ሚቴን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል። መቆፈሩ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከባዱ ወጥ ቤት ውስጥ ሁለት ባልዲ ማስቀመጥ ነው፣ አንዱ ለልጣጭ፣ አንዱ ለሌላው። የእኛን ሰፈር ጉድጓድ በመጀመሪያው ወር ያበላሸው ዳይፐር ነው፤ ማን እንደጣለው እስካሁን ያመነ የለም። ሁሉንም በአንድ ፌስታል አስረን ስናወጣ ደግሞ እጇን ከትታ የምትለየው ያቺ ሰብሳቢ ናት፣ ስባሪ ጠርሙሱ ጭምር።

«ጀመርን፣ ግን ሸተተ» ላላችሁ የየካ አባዶ ሰዎች፦ እርጥቡ በዝቶባችኋል። ለአንድ ባልዲ ልጣጭ ሁለት ሦስት ባልዲ ደረቅ ቅጠል ጨምሩና አገላብጡት። ጨብጣችሁ ስትጨምቁት እጅ ያርጥብ እንጂ አይንጠባጠብ። በክረምት ላስቲክ አልብሱት። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም፣ ከትፋችሁ በትንሽ በትንሹ ቀላቅሉት። ማቃጠሉን ግን ተዉት፣ ጭሱ የጎረቤት ቤት ነው የሚገባው።

ስታገላብጥ ደረቷን አፈን እያደረገ የሚያስላት እህት፣ ያንቺን ቀልድ አላደርገውም። ከደረቀ ብስባሽ የሚነሳው የሻጋታ ብናኝ አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው። ማገላበጡን ለሌላ ሰው ስጪ፤ እሱም ውኃ ረጭቶ፣ ማስክ አድርጎ ይሥራ። አንቺ ሐኪም ጋ ሂጂ። ዳማከሴ ጠጥቼ ልየው አትበዪኝ፣ በዚህ ሳምንት ሂጂ።

ነጭ ወፍራም ትል አገኘሁ ላሉት አባት፦ የጥንዚዛ እጭ ሳይሆን አይቀርም፣ ብስባሽ ውስጥ የተለመደ ነው። ለችግኝዎ ከሰጉ የወረዳውን የግብርና ባለሙያ ይጠይቁ፣ ካገኙት።

«ማታ ማታ ጅብ ጉድጓዱን ይቆፍርብናል፣ ምን እናድርግ?» አጥንት ጥላችኋል። አውጡት።