ጎማዋ፣ ቡናውና ማርኩ፦ ስለ መምህር ሥነ ምግባር ለጠየቃችሁኝ

ጠመኔ ከያዝኩ 26 ዓመቴ ነው፤ ጥቂቱን በዲሲፕሊን ኮሚቴ ውስጥ አሳልፌአለሁ። «ጠይቁኝ» ብዬ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ለአምስቱ መልሴ ይኸው።

መምህር፣ ክፍሌ 70 ተማሪ አለ። ያለ ዱላ እንዴት ዝም ይላሉ? ወላጆችም «ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ» እያሉ ነው የሚያስረክቡኝ።

ወላጁ የሚፈቅድልህ የራሱ ያልሆነውን ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 መሠረት በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነጻ መሆን የልጁ መብት ነው። ይህን የምነግርህ እጄ ንጹሕ ሆኖ አይደለም። እኔም መሳቢያዬ ውስጥ ሁለት ስንዝር የምታህል የውሃ ጎማ ነበረችኝ። አንድ ጠዋት የቤት ሥራ ያልሠሩትን ሳስወጣ አንዲት የአምስተኛ ክፍል ልጅ ሳልጠራት መጥታ መዳፏን ዘረጋች። ደብተሯን በሌላው እጇ ይዛለች፤ ገልጬ ባየው ሠርታለች፣ ያውም አንድም ሳትሳሳት። ጎማዋን ስታይ መዳፍ መዘርጋት ለምዶባት ነው። ከዚያ ወዲህ አልያዝኳትም። ክፍሉ ለወር ያህል ተንጫጫ፣ አልዋሽህም። በኋላ የጠቀመኝ ረባሾቹን ለያይቶ ማስቀመጥና ከደወል በኋላ ልጁን ለብቻው ማነጋገር ነው። በጓደኞቹ ፊት የተዋረደ ልጅ በማግስቱ ብሶበት ይመጣል።

ደመወዙ አያኖርም። ተማሪዎቼን ቅዳሜና እሑድ በክፍያ ባስጠና ምን ነውር አለው?

ማስጠናቱ ነውር የለውም፤ እኔም የቤት ኪራይ የከፈልኩት በእርሱ ነው። ነውሩ «ተማሪዎቼን» ያልከው ላይ ነው። ፈተናውን የምታወጣው አንተ፣ የምታርመው አንተ፣ ብሩን የምትቀበለውም አንተ። አንዲት ነጥብ ባትጨምር እንኳ መክፈል ያልቻለው ልጅ ይጠረጥርሃል፤ የሚያስጠረጥር ነገር አድርገሃልና አትፍረድበት። የማታስተምረውን ክፍል አስጠና።

የተማሪዬ እናት አንድ ኪሎ ቡና በፌስታል ይዘው መጡ። እምቢ ብል ይቀየሙኛል።

መቼ መጡ? ካርድ ከተሰጠ በኋላ ከሆነ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ይፈላ፤ ሁሉም ይጠጣው። ከፈተና በፊት ከሆነ «እግዜር ይስጥልኝ እማማ፣ ማርኩ ይለቅ» ብለሽ መልሺላቸው።

ከ12ኛ ክፍል ተማሪዬ ጋር ተዋደድን። 18 ዓመት ሞልቷታል።

አይሆንም። ከ18 ዓመት በታች ብትሆንማ ጉዳዩ በቀጥታ የወንጀል ሕግ ነው፤ ተጎጂዋ የአጥፊው ተማሪ መሆኗም ቅጣቱን ያከብደዋል። ዕድሜዋ ቢሞላም ማርኳ ከእጅህ አልወጣም። «እምቢ» ብትልህ ምን እንደሚገጥማት አታውቅም፤ እሺታዋን በምን ታምነዋለህ?

ርዕሰ መምህሩ «ፈተና ላይ ልጆቹን እርዷቸው፣ የትምህርት ቤቱ ስም ይነሣ» አሉን። ምን ላድርግ?

ይህ «እርዳታ» የት እንዳደረሰን እናውቃለን። ግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ተሰረዘ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በየትምህርት ቤታቸው ሳይሆን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲፈተኑ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። ለዓመታት ማርክ ስንሰፍርላቸው የነበሩ ልጆች ናቸው። ከአለቃ ጋር መጨቃጨቅ አያስፈልግህም፤ «እሺ፣ ትእዛዙን በደብዳቤ ይስጡኝ» በል። እኔ ሁለት ጊዜ ብያለሁ። ደብዳቤው እስካሁን አልደረሰኝም።