በስማችሁ ከመውጣታችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ኪቦርድ ፊት ከተቀመጥኩ አርባ ዓመት አለፈኝ። መጀመሪያ በሆቴል ባንድ፣ ኋላ ደግሞ በስቱዲዮ አቀናባሪነት ሠራሁ። አሁን ጣቴ እንደ ድሮው አይፈጥንም። ጆሮዬ ግን ደህና ነው። ስለዚህ ሰው ይልኩብኛል። "ጋሼ፣ ይቺን ልጅ ይስሙልን፣ ነጠላ ዜማ ልታወጣ ነው።" ሁሉም ሊያወጣ ነው። ልማር ብሎ የመጣ የለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ልጅ እንዲሁ ተልካ መጣች። ድምፅ አላት። ቸኩላለች። "ሃያ ሊሞላኝ ነው እኮ፣ ረፈደብኝ" አለችኝ። ሳቄን ዋጥኩት። ከዚያ ስልኳን አወጣችና ማዳመጫውን ሰጠችኝ። "እንደዚች መሆን ነው የምፈልገው።"

"ናኑ ናኑ ነይ" ነበር። የሙሉቀን መለሰ ዘፈን፣ በሴት ድምፅ። ዜማው ያው እኔ የማውቀው ነው። የከበቡት የትንፋሽ መሣሪያዎችና ድራሙ ግን ከሌላ ሰፈር የመጡ ናቸው። ማናት ብዬ ጠየቅኩ። "አስቴር" አለችኝ። ለኔ ትውልድ አስቴር ሲባል አንዲት ናት፤ እሷ ደግሞ አይደለችም። አስቴር ራዳ ናት፤ የእስራኤል ዘፋኝና የዘፈን ደራሲ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ለልጅቷ የነገርኳት። ለእናንተም ልንገራችሁ፤ ዘፈኑን ሰምታችሁ ታሪኩን ትዘላላችሁና። የምጠራቸው ዓመቶች፣ ካልነገርኳችሁ በቀር፣ የፈረንጅ ናቸው።

የአስቴር ወላጆች ከኢትዮጵያ ተነስተው በሱዳን በኩል እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን ናቸው። ጊዜው 1984 ነበር፤ የሙሴ ዘመቻ የሚባለው፣ እስራኤል ሰዎቹን ከሱዳን በአውሮፕላን ያጓጓዘችበት። እስከ ሱዳን ያለው መንገድ ግን በእግር የተሄደ መንገድ ነው። በጉዞውና በሱዳን መጠለያዎች አራት ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ ይነገራል። እሷ በ1985 ኬብሮን አጠገብ ባለች ኪርያት አርባ በምትባል ቦታ ተወለደች። ያደገችው ሃይማኖት አጥባቂ ቤት ውስጥ ነው። አሥር ዓመቷ ገደማ ነታንያ የምትባል የእስራኤል ከተማ ገባች። የጥቁር አሜሪካውያንን ሙዚቃ ያገኘችው እዚያ፣ በቴሌቪዥን ነው።

ከዚያስ? ከዚያ ብዙ ዓመት በራሷ ስም ምንም አላወጣችም። ወታደራዊ አገልግሎቷ ላይ በጦሩ የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ዘፈነች። ቲያትር ሠራች፣ ፊልም ላይ ተወነች። በስሟ የመጀመሪያውን አጭር አልበም ያወጣችው በ2013 ነው። ዕድሜዋን አስሉት፤ ወደ 28 ዓመት።

ልጅቷ ይሄን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። "ሃያ ስምንት!"

አዎ፣ ሃያ ስምንት። እስቲ የጦር ሙዚቃ ቡድን ምን ማለት እንደሆነ የኛን ሰዎች ጠይቁ። ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ ከክቡር ዘበኛ ወጡ። ሂሩት በቀለ ከፖሊስ ሠራዊት ወጣች። እዚያ ልምምድ በሰዓቱ ነው። ዛሬ አልተመቸኝም የለም። የሌላውን ዘፈን ትቀበላለህ፣ የማትወደውን ትዘፍናለህ፣ ሰልፍ ላይ ትቆማለህ፣ ዝናብ ይዘንባል። ድምፅ እንዲህ ነው የሚጠነክረው። የእስራኤሉ ቡድን እንደኛው ነበር አልላችሁም። ሥራው ግን ያው ነው። አንድ ወጣት ገና የሚለው ሳይኖረው፣ የሌላ ሰው ዘፈን ለሌላ ሰው እየዘፈነ፣ ሰው ፊት መቆም ይማራል።

ስለዚህ ለልጅቷ "ተቀባይ ሁኚ" አልኳት። ሁለት ሦስት ዓመት የሌላ ዘፋኝ ጀርባ ቆመሽ ዝፈኝ። አልወደደችውም። "ተቀባይ ከሆንኩ ማን ያየኛል?" አለች። ማንም አያያትም፤ እውነቷን ነው። እኔም መታየቱን አልነበረም ያሰብኩት። ተቀባይ ድምፅ ማዋሃድ ይማራል፣ መቼ ዝም እንደሚባል ይማራል። ዋናው ዘፋኝ ሲስት እንዴት እንደሚሸፈንለትም ያያል። ይሄን ዩቲዩብ ላይ አታገኙትም።

ወደ አስቴር ልመለስ። የራሷን ሥራ ኢትዮ ሶል ብላ ጠራችው፤ ሶል የጥቁር አሜሪካውያን የሙዚቃ ስልት ነው። በሥራዎቿ ውስጥ የሙላቱ አስታጥቄ ተጽዕኖ እንዳለ ራሷ ትናገራለች። በ2013 እንግሊዝ አገር ግላስተንበሪ በሚባለው ትልቅ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ዘፈነች። በ2014 በስሟ የተሰየመው ሙሉ አልበም ወጣ፤ "ናኑ ናኑ ነይ" ያለው እሱ ውስጥ ነው። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ለጥቁር አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ለኒና ሲሞን መታሰቢያ አጭር አልበም ሠራች። ይቺን ነገር ልብ በሉ። ስሟ ገና ሞቅ እያለ ነው። "የራሴ፣ የራሴ" የሚባልበት ሰዓት ነው። እሷ ግን ተመልሳ የታላላቆቿን ዘፈን ዘፈነች፤ ስማቸውንም ጠርታ።

የጻፈቻቸው ግጥሞች አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው። መጀመሪያ ይሄ ቅር አሰኝቶኝ ነበር። ምን በወጣት፣ አማርኛ እያለላት ብዬ። በኋላ ሳስበው ፍርዴ የስንፍና ሆኖ አገኘሁት። ቤት የወላጆቿ ቋንቋ፣ ውጪ ዕብራይስጥ፣ ያስተማሯት ዘፋኞች ደግሞ በእንግሊዝኛ የሚዘፍኑ። ሦስት ቋንቋ መሃል ያደገ ሰው የሚቀናውን ይመርጣል። እናንተ ግን ቦሌ ተቀምጣችሁ፣ በአማርኛ እየተጣላችሁ፣ በአማርኛ እያፈቀራችሁ፣ ስቱዲዮ ስትገቡ ብቻ እንግሊዝኛ የሚመጣባችሁ፣ እናንተን አልገባኝም።

ቅኝት ላይ ደግሞ ልክ አይደላችሁም። "ኢትዮጵያዊ ፍሌቨር ጨምርበት" ትሉኛላችሁ፣ በርበሬ ይመስል። ቅኝት ዜማው የሚሠራባቸው ድምፆች ድርድር ነው፤ የሚጨመር አይደለም፣ ከሥር የሚነሳ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፤ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ብቻ። ቀላል ይመስላል። እስቲ ትዝታን በሜጀር ዝፈኑና ከአምስቱ ሦስተኛዋንና አምስተኛዋን በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጓቸው። ወዲያው ሌላ ትዝታ ይሆናል፤ ሆድ የሚያባባው። ከሁለቱ ወደ አንዱ ሳትወድቁ መመላለስ እስክትችሉ ድረስ ወራት ይፈጃል። ኪቦርድ ሳትነኩ፣ በድምፃችሁ ብቻ ሞክሩት።

አሁን ስለ ወረቀት። ይሄን ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ላይ እኔም ቸኩዬ ነበር። ለአንድ ካሴት ስድስት ዜማ ሠራሁ፣ ሙሉውንም አቀናበርኩ። አንድ ሙዚቃ ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ አንዲት ገጽ ወረቀት ባንኮኒው ላይ ዘረጋልኝ። ሰው ተሰልፏል፣ ሙቀት ነው፣ ካሴቱ በዓል ሳያልፍ መውጣት አለበት። ፈረምኩ። ካሴቱ ወጣ፣ ተወደደ። ሽፋኑ ላይ የፎቶ አንሺው ስም አለ፣ የኔ የለም። ከዓመታት በኋላ ሲዲ ሆኖ ሲመጣ ብር ልጠይቅ ሄድኩ። ያቺን ወረቀት አሳዩኝ። ለካ "ለዘለቄታው" የሚል ቃል ነበረባት።

ያን ጊዜ በቂ ሕግ አልነበረም ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። እናንተ ይሄ ምክንያት የላችሁም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ ይሄኛው በኛ አቆጣጠር ነው። የዜማና የግጥም ባለቤት መብት በሕይወት እስካለ፣ ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይጠበቃል። ይሄ ለእናንተ ብቻ አይደለም የሚሠራው። የድሮ ዘፈን ቲክቶክ ላይ ስትዘፍኑ ከሥር "ኦሪጅናል ሳውንድ" ብሎ የእናንተን ስም ይጽፍላችኋል። ኦሪጅናሉ የማን እንደሆነ እያወቃችሁ ዝም ትላላችሁ። ሙሉቀን ዓለማዊውን ዘፈን ትቶ ወደ መዝሙር ከዞረ ብዙ ዘመኑ ነበር፤ በ2024 ከአገሩ ርቆ አሜሪካ አረፈ። ስሙን ለመጻፍ ሁለት ቃል ነው የሚፈጀው።

ልጅቷስ አላችሁ? ተኮሳትራ ነበር የሄደችው። ሌላ ስቱዲዮ ትገባለች ብዬ ተውኳት። ባለፈው ክረምት አንድ ሠርግ ላይ አየኋት፤ ከባንዱ ኋላ፣ ከሁለት ሴቶች ጋር፣ ተቀባይ ሆና። ሰላም አላለችኝም፤ ሥራ ላይ ነበረች። ባለፈው ሳምንት ግን በስልክ አንድ ቅጂ ላከችልኝ። "ናኑ ናኑ ነይ" ነው፣ ያለ ምንም መሣሪያ፣ በባዶ ድምፅ። ሁለት ጊዜ ሰማሁት። "ሁለተኛው ስንኝ ላይ ከቅኝቱ ወርደሻል፣ ድገሚው" ብዬ ጻፍኩላት። ማንበቧን አይቻለሁ። እስካሁን አልመለሰችም።