ጊዜያዊ ሙሌት የቆየበት ጥርስ፦ ክሊኒኩ ይጠየቃል?

ጥያቄ፦ የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ በአንድ የግል ክሊኒክ ሩት ካናል (ነርቩን አውጥቶ የሥሩን ውስጥ ማጽዳትና መሙላት) ተሠራለት። ሐኪሙ ከላይ ነጭ ነገር ሞልቶ «ጨርሰናል፣ ክራውን (የጥርስ ሽፋን) ከፈለግህ ተመለስ» አለኝ። ሕመሙ ስለጠፋ አልተመለስኩም። በሰባተኛው ወር ድዴ አበጠ። ሌላ ክሊኒክ ስሄድ ሙሌቱ ተሸርሽሮ ባክቴሪያ ወደ ሥሩ ገብቷል ብለው ነቀሉት። የመጀመሪያው ክሊኒክ «ያልተመለስከው አንተ ነህ» ይላል። መክሰስ እችላለሁ? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ይችላሉ። ጥርሱ መነቀሉ ብቻውን ግን አያስረታልዎትም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሐኪም በጽሑፍ ካልተዋዋለ በቀር «አድናለሁ» ብሎ ዋስ አይሆንም፤ የሚጠየቀው በሙያው ጥፋት ሲያደርግ ነው። አንቀጽ 2031 ይህን የሚመዝነው በሙያው የታወቀ ሳይንሳዊ እውነት ወይም ደንብ ቸል መባሉን በማየት ነው።

ሩት ካናል የተሠራለት ጥርስ ውስጡ ቢጸዳና ቢሞላም ከላይ በደንብ ካልታሸገ ምራቅ ይሰርጋል፣ ባክቴሪያም አብሮ ይገባል። ጊዜያዊ ሙሌት ለሳምንታት እንጂ ለወራት አልተሠራም። በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ የላብራቶሪ ጥናት፣ ሥራቸው ተሞልቶ ከላይ ሳይታሸጉ ለባክቴሪያ ከተጋለጡ ጥርሶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በ19 ቀን እስከ ሥራቸው ጫፍ ተበክለዋል። ላብራቶሪ አፍ አይደለም፤ ተከራካሪዎም ይህንኑ ማንሳቱ አይቀርም። የእርስዎ ጠንካራ ነጥብ ሌላ ነው፦ ነርቩ የወጣ ጥርስ በጊዜ አያምም። ታካሚው በራሱ ሊያውቀው የማይችለውን አደጋ መንገር የሐኪሙ ግዴታ ነው። «ከፈለግህ» ሲባሉ ደግሞ የመዋቢያ ጉዳይ ቢመስልዎት ማን ይፈርዳል?

የማስረዳት ሸክሙ ግን በእርስዎ ላይ ነው፣ ሁሉም ነገር በካርዱ ላይ ይወድቃል። «ጊዜያዊ ሙሌት፣ በሁለት ሳምንት ይመለስ» የሚል ተጽፎ ከተገኘ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ጉዳይዎ በጣም ይዳከማል። «ሕክምናው ተጠናቋል» ብቻ ካለ ይጠነክራል። ከሁለተኛው ክሊኒክ ከመነቀሉ በፊት የተነሣውን ራጅና ሙሌቱ በምን ሁኔታ እንደተገኘ የሚገልጽ የሕክምና ማስረጃ ይውሰዱ። ራጁ ሥሩ መጀመሪያውኑ እስከ ጫፉ አለመሞላቱን ካሳየ ክርክሩ ይለወጣል፤ ያኔ የእርስዎ መዘግየት ያን ያህል አይመዝንም።

አለበለዚያ መዘግየትዎ በአንቀጽ 2098 መሠረት ካሳውን ሊቀንሰው ይችላል። ሐኪሙ ተቀጣሪ ከሆነ ክሊኒኩ በአንቀጽ 2651 ይጠየቃል። የሚጠይቁት የከፈሉትን የሕክምና ወጪ፣ የማስነቀያውንና የሰው ሠራሽ ጥርሱን ዋጋ ነው። ለሕሊና ጉዳት አንቀጽ 2116 ያስቀመጠው ጣሪያ 1,000 ብር ነው፤ ሕጉ በወጣበት በ1952 ዓ.ም. ደኅና ገንዘብ ነበር።

ከውል ለሚመነጭ ክስ ይርጋው (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) 10 ዓመት፣ ከውል ውጭ ለሆነ ኃላፊነት 2 ዓመት ነው። የትኛው እንደሚገዛ ስለሚያከራክር ሁለቱን ዓመት ይያዙ። ለጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴም አቤት ማለት ይችላሉ፤ ውሳኔው ፍርድ ቤት በማስረጃነት ይጠቅማል።

ለክሊኒኩ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠትም አይቅር። የካርዱን ግልባጭ ግን ከዚያ በፊት ይውሰዱ።