የቤት ኤሲና ሂተር ለማስቀየር የከተማውን ፈቃድ ማን ያውጣ?

ጥያቄ፦ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ የራሴ ቤት አለኝ። በጋዝ የሚሠራውን አሮጌ ሂተር አስነቅዬ በሂት ፓምፕ (በኤሌክትሪክ ቤት በሚያሞቅና በሚያቀዘቅዝ መሣሪያ) ለማስተካት ከአንድ የአገር ልጅ ጋር በ14,000 ዶላር ተነጋግረናል። ግማሹን አስቀድሜ በካሽ እንድከፍለው ይፈልጋል። ስለ ፈቃድ ስጠይቀው «አሮጌ በአዲስ ለመተካት ፈቃድ አያስፈልግም» አለኝ፤ አጥብቄ ስጠይቀው ደግሞ «እንግዲያው አንተ በስምህ አውጣው፣ ይረክስልሃል» አለኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ከሁሉም የሚያሰጋው የመጨረሻው ሐሳብ ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ። የካሊፎርኒያ የንግድና የሙያዎች ሕግ አንቀጽ 7044 የቤት ባለቤት በራሱ ስም ፈቃድ አውጥቶ ቤቱን እንዲያሠራ ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ ያንን የፈቃድ ቅጽ የሚፈርም ሰው የሥራውን ኃላፊነት በራሱ ላይ መውሰዱ ነው። ሠራተኛው ላይሰንስ የሌለው ሆኖ ጣሪያ ሥር ሲሠራ ወድቆ ቢጎዳ፣ የሠራተኛ ሕጉ አንቀጽ 2750.5 እንደ እርስዎ ተቀጣሪ ሊያስቆጥረው ስለሚችል፣ የጉዳቱ ካሣ ወደ እርስዎ ሊዞር ይችላል። ላይሰንስ ያለው ተቋራጭ ፈቃዱን በራሱ ስም የማያወጣበት በቂ ምክንያት የለውም፤ «አንተ አውጣ» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ላይሰንሱ የሌለው ወይም የታገደበት ነው።

«መተካት ፈቃድ አያስፈልገውም» ያለዎትም ትክክል አይደለም። ፈቃድ የማይጠየቅባቸው ሥራዎች ጥቂት ናቸው፦ ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስ ማቀዝቀዣ ወይም ማሞቂያ ማስገባት፣ ማጣሪያ መለወጥ፣ የመሣሪያውን ደኅንነት የማይነካ አነስተኛ ዕቃ መተካት የመሳሰሉት። ሂተሩን ወይም ኤሲውን እንዳለ መለወጥ ግን የከተማውን የሜካኒካል ፈቃድ ይጠይቃል። በእርስዎ ቤት ደግሞ የጋዝ መስመር ተዘግቶ አዲስ የኤሌክትሪክ መስመር የሚዘረጋ ከሆነ፣ ለእነዚያም ሥራዎች ፈቃድ ያስፈልጋል።

ፈቃዱን እንደ ተጨማሪ ወጪ ብቻ የሚያዩ አንባቢዎች ብዙ ናቸው፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ፈቃድ ሲወጣ የከተማው ኢንስፔክተር መጥቶ ሥራውን ያያል፤ የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያዎች መኖራቸውን ያረጋግጣል፤ በስቴቱ የኢነርጂ ደንብ መሠረትም አብዛኛውን ጊዜ የአየር ቱቦዎቹ ማፍሰስ አለማፍሰሳቸው ከተቋራጩ ነፃ በሆነ ባለሙያ ይመረመራል። ወደፊት ቤቱን ሲሸጡም፣ ያለ ፈቃድ የተሠራ ነገር መኖሩን የሚያውቁ ከሆነ ለገዢው በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ አለብዎት።

ስለ ገንዘቡ ሕጉ ግልጽ ነው። ለቤት ማሻሻያ ሥራ የሚጠየቅ ቅድሚያ ክፍያ ከጠቅላላው ዋጋ 10 በመቶ ወይም ከ1,000 ዶላር፣ ከሁለቱ ከሚያንሰው፣ መብለጥ አይችልም። ስለዚህ ሰውዬው ሊጠይቅዎ የሚችለው 1,000 ዶላር ሆኖ ሳለ 7,000 ጠይቆዎታል። ከዚያ በኋላ ያለው ክፍያም ከተሠራው ሥራና ከገባው ዕቃ ዋጋ ሊቀድም አይገባም፤ ውሉም በጽሑፍ መሆን አለበት።

አንድ ሳንቲም ከመክፈልዎ በፊት የላይሰንስ ቁጥሩን ተቀብለው በካሊፎርኒያ የሥራ ተቋራጮች ላይሰንስ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ይፈልጉ። የላይሰንሱ ዓይነት ሲ-20 (የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ሥራ ላይሰንስ) መሆኑን፣ በሥራ ላይ ያለና ያልታገደ መሆኑን፣ ስሙም ውሉ ላይ ካለው ስም ጋር መመሳሰሉን ያመሳክሩ። ከጥር 2023 ጀምሮ የሲ-20 ተቋራጭ አንድም ሠራተኛ ባይኖረው እንኳ የሠራተኛ ጉዳት ካሣ ኢንሹራንስ እንዲኖረው ስለሚገደድ፣ ይህንንም እዚያው ያገኙታል። የአገር ልጅነት መልካም ነገር ነው፤ ሆኖም ጉዳት ሲደርስ የሚከፍለው ኢንሹራንሱ ነው።

ላይሰንስ የሌለው ሆኖ ቢገኝና ሥራውን ቢሠራልዎ፣ በዚያው የንግድና የሙያዎች ሕግ አንቀጽ 7031 መሠረት ክፍያ ጠይቆ ሊከስዎ አይችልም፤ እርስዎም የከፈሉትን ሁሉ እንዲመልስ መክሰስ ይችላሉ። ነገር ግን ይህ ክስ ሥራው ከተጠናቀቀ ወይም ከተቋረጠ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ካሽ የተቀበለና ንብረት የሌለውን ሰው ከሶ መርታትና ገንዘቡን ማግኘትም የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሰውዬው ላይሰንሱ ትክክል ሆኖ ከተገኘ፣ በውሉ ላይ ፈቃዱን በራሱ ስም እንደሚያወጣ ያስጽፉ፤ የመጨረሻውን ክፍያም የከተማው ኢንስፔክተር የመጨረሻ ፍተሻውን አድርጎ ካጸደቀ በኋላ እንደሚከፍሉ ይስማሙ። የመጨረሻ ፍተሻ ያልተደረገለት ፈቃድ ጊዜው አልፎ በቤቱ መዝገብ ላይ ሳይዘጋ ሊቀር ይችላልና።